ለሹክሹክታ የሚጎነበስ ብረት

ሙዚየም የገባ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ደንብ «አትንኩ» የሚለውን ነው። እጅህን ወደ ኋላ አጣምረህ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ታያለህ፤ ትወጣለህ። ይህን ደንብ ገልብጦ የተነሣ የጥበብ ዘርፍ አለ። እዚያ ተመልካቹ ካልተንቀሳቀሰ፣ ካልተናገረ ወይም ካልተነፈሰ የሚታይ ነገር የለም። ብዙዎቻችን የምናውቀው በስልክ ከሚዘዋወሩ አጫጭር ቪዲዮዎች ነው፦ ሰው ሲቆምበት አበባ የሚፈካበት የቶኪዮ አዳራሽ፣ ከሥሩ ሲያልፉ የማያረጥብ የለንደን ዝናብ። ስናየው የትናንት ፈጠራ ይመስለናል። ሥሩ ግን ከኮምፒውተርም ይቀድማል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1920 እስከ 1938፦ ሳይነኩ መጫወት

በ1920 ገደማ ፔትሮግራድ ውስጥ ሌቭ ቴርሜን የተባለ ወጣት የፊዚክስ ባለሙያ የጋዞችን ጠባይ የሚለካ መሣሪያ በመሥራት ላይ ነበር። መሣሪያው ለውጥ ሲኖር ድምፅ ያሰማል። ቴርሜን እጁን ባስጠጋ ቁጥር ድምፁ ሲቀጥን፣ ባራቀ ቁጥር ሲወፍር አስተዋለ። ሌላ ሰው ቢሆን ልኬቱን የሚያበላሽ ችግር ነው ብሎ እጁን በሰበሰበ ነበር። ቴርሜን ግን ቼሎ የተማረ ሰው ነው፤ ዜማ ሰማበት።

ነገሩን ሲያጠናቅቀው ሁለት አንቴና ያለው ሣጥን ሆነ። ቀጥ ብሎ የቆመው አንቴና የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት፣ ወደ ጎን የተጠማዘዘው ደግሞ ከፍታውን ይወስናል። ተጫዋቹ ሁለት እጁን አየር ላይ ያንሳፍፋል፤ ምንም አይነካም። በ1922 ሌኒን ዘንድ ቀርቦ አሳየው፤ ሌኒንም ራሱ ሞከረው። በ1927 መጨረሻ ቴርሜን ኒው ዮርክ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላም አርሲኤ የተባለው ኩባንያ ወደ 500 የሚጠጋ መሣሪያ አምርቶ ለገበያ አቀረበ። ገበያው ግን አልሰመረለትም። የኢኮኖሚ ድቀቱ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ይበልጥ ያሳዝናል፤ መሣሪያው እጅግ ይከብዳል። ጣት የሚያርፍበት ክር ወይም ቁልፍ የለውም። ጥቂት ሲያመነቱ ዜማው ይፈርሳል።

ቴርሜን ግን ከዚያም የባሰ ነገር አሰበ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዳንሰኛ የሚቆምበት መድረክ ሠራ፤ መላ አካሉ ሲንቀሳቀስ ሙዚቃ የሚወጣበት። ሐሳቡ ውብ ነበር፤ ችግሩ ዜማውን ጠብቆ መደነስ የሚችል ዳንሰኛ ማግኘት ነበር። በ1938 ወደ ሶቭየት ኅብረት ተመለሰና ብዙ ሳይቆይ ታስሮ ወደ ኮሊማ ተጋዘ። እንቅስቃሴን ወደ ድምፅ የመለወጡ ጅምርም ለብዙ ዓመታት ተዳፍኖ ቀረ።

ከ1948 እስከ 1966፦ የሚሰለች ማሽን

ቀጣዩ እርምጃ የመጣው ከጦርነት ነው። የአሜሪካው የሒሳብ ሊቅ ኖርበርት ዊነር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የጠላት አውሮፕላን ወዴት እንደሚታጠፍ ቀድሞ የሚገምት የመድፍ ማነጣጠሪያ ሲያጠና አንድ ነገር ገባው። ማሽን የሥራውን ውጤት መልሶ ካየና ራሱን ካረመ ከእንስሳ ጋር የሚጋራው ጠባይ አለው። በ1948 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጥናት ሳይበርኔቲክስ ብሎ ጠራው። መጽሐፉ መሐንዲሶችን ብቻ ሳይሆን የጥበብ ሰዎችንም ቀሰቀሰ። የቴርሜን ሣጥን እጅን ይታዘዛል እንጂ አይመልስም። አሁን ግን መልስ የሚሰጥ ነገር መሥራት እንደሚቻል ታየ።

እንግሊዛዊው ጎርደን ፓስክ በ1953 «ሚዩዚከለር» የተባለ የመብራት ማሽን ሠራ። ሙዚቀኛው ሲጫወት ማሽኑ ያዳምጥና ባለቀለም መብራቶችን ያበራል። እስከዚህ ድረስ የምሽት ክበብ መብራት ነው። የፓስክ ብልኀት ማሽኑ እንዲሰለች ማድረጉ ላይ ነበር። ሙዚቀኛው ያንኑ ነገር ከደጋገመ መብራቱ ምላሹን ይቀንሳል፣ ኋላም ዝም ይላል። ሙዚቀኛው መብራቱን መልሶ ለማግኘት ሲል አዲስ ነገር መፈለግ ይኖርበታል። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ይህን ያውቀዋል። «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚያቀብል ታዳሚ ከሌለ ማሲንቆውም ይደክማል፤ ታዳሚው ሲሞቅ አዝማሪው ይሞቃል። ፓስክ ያንን ዙር በሽቦና በመብራት ለመያዝ እየሞከረ ነበር። ገንዘብ አጥቶ በ1957 አቆመው።

በዚያው ሰሞን ፓሪስ ውስጥ ቀራጺው ኒኮላ ሼፈር ከፊሊፕስ ኩባንያ መሐንዲሶች ጋር ሆኖ በ1956 «ሲስፕ 1»ን አቆመ። ጎማ ላይ የተተከለ፣ ብርሃን መለያና ማይክሮፎን ያለው፣ ራሱን የሚያንቀሳቅስ የብረት ቅርጽ ነው። ጠባዩ ተገላቢጦሽ ነበር፤ ጸጥታና ጨለማ ይቀሰቅሱታል፣ ጫጫታና ደማቅ ብርሃን ያረጋጉታል። ማርሴይ ከተማ፣ አርክቴክቱ ለ ኮርቡዚዬ በሠራው ትልቅ የመኖሪያ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ከሞሪስ ቤዣር ዳንሰኞች ጋር አብሮ «ደነሰ»።

አሜሪካ ውስጥ የቴርሜንን ፍም መልሶ ያራገበው ሮበርት ሙግ ነው። ስሙን የምናውቀው በሲንተሳይዘሩ ቢሆንም በወጣትነቱ የሚሸጠው የቴርሜንን መሣሪያ ነበር። በ1965 የሙዚቃ ቀማሪው ጆን ኬጅና የዳንስ ባለሙያው መርስ ከኒንግሃም «ቫሪዬሽንስ 5»ን ሲያዘጋጁ ሙግ መድረኩ ላይ አንቴናዎችን ተከለላቸው። ዳንሰኛ ሲጠጋቸው ድምፁ ይለወጣል። ቴርሜን በአንድ ዳንሰኛ ያቃተውን እነ ኬጅ በብዙ ዳንሰኞች ሠሩት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዜማ መጠበቅን እንደ ግዴታ አልቆጠሩትም።

በማግስቱ ዓመት፣ በጥቅምት 1966፣ የቤል ላብስ የምርምር ማዕከል መሐንዲስ ቢሊ ክሉቨር ዐሥር የጥበብ ሰዎችንና ሠላሳ ገደማ መሐንዲሶችን አንድ የኒው ዮርክ የጦር ሠራዊት አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበ። ዝግጅቱ «ዘጠኝ ምሽቶች» ይባላል። ከሥራዎቹ አንዱ የሠዓሊው ሮበርት ራውሸንበርግ ነበር። የቴኒስ ሜዳ ተዘረጋ፤ በራኬቶቹ እጀታ ውስጥ ማይክሮፎን ተቀበረ። ኳሷ በተመታች ቁጥር ከባድ ድምፅ አዳራሹን ይሞላና አንድ መብራት ይጠፋል። መብራቱ ሁሉ ሲያልቅ ጨዋታው ያቆማል። ከዚያ በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎች ሜዳው ላይ ወጡ። ታዳሚው በዓይኑ አያያቸውም፤ የሚያያቸው በኢንፍራሬድ ካሜራ ተቀርጸው በስክሪን ላይ ሲታዩ ብቻ ነው። ይህችን ኢንፍራሬድ ያዙልኝ፤ ከ44 ዓመት በኋላ ሳሎን ቤት ትገባለች።

ከ1968 እስከ 1973፦ ሴንስተር

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ልቤን የሚወስደው የኤድዋርድ ኢህናቶቪች ሥራ ነው። ኢህናቶቪች ፖላንድ ተወልዶ በጦርነቱ ተሰዶ እንግሊዝ የገባ ቀራጺ ነበር። በ1968 ጃሻ ራይካርት ለንደን ውስጥ ባዘጋጀችው ትልቅ የኮምፒውተርና የጥበብ ዐውደ ርዕይ ላይ «ሳም»ን አቀረበ። ሳም እንደ አከርካሪ በተሰካኩ የአሉሚኒየም አጥንቶች ላይ የቆመ፣ እንደ አበባ የተከፈተ ራስ ያለው ቅርጽ ነው። ራሱ ላይ አራት ማይክሮፎን አለ። ድምፅ ወደመጣበት ይዞራል፤ ነገር ግን ለጩኸት ደንታ የለውም። የሚስበው ዝቅ ያለና የማይቋረጥ ድምፅ ነው። ሰዎች ፊቱ ተቀምጠው ትክክለኛውን የድምፅ ልክ ለማግኘት ሰዓታት ይፈጁ ነበር።

ፊሊፕስ ይህን አየና ከዚያ የገዘፈ አዘዘው። ኔዘርላንድስ አይንድሆቨን ውስጥ በራሪ ሳሕን የመሰለ «ኤቮሉኦን» የሚባል የኩባንያው የማሳያ ሕንፃ ነበር። በ1970 ኢህናቶቪች እዚያ «ሴንስተር»ን አቆመ። ከአራት ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ከብረት ቱቦ የተበየደ፣ በሃይድሮሊክ የሚንቀሳቀስ እንስሳ አስቡ። መገጣጠሚያዎቹን ኢህናቶቪች የኮረጀው ከሎብስተር ጥፍር ነው። በረጅሙ አንገት ጫፍ ላይ አራት ማይክሮፎኖችና እንቅስቃሴ የሚለዩ ሁለት ራዳሮች አሉ። ይህን ሁሉ የሚመራው የፊሊፕስ ኮምፒውተር የማስታወስ አቅሙ 8 ሺህ ቃል ብቻ ነበር። ዛሬ አንድ ፎቶ እንኳ አይይዝም።

ፕሮግራሙ አጭር ነው፦ ዝቅ ያለ ድምፅ ከሰማህ ተጠጋ፣ ለስለስ ያለ እንቅስቃሴ ካየህ ተከተል፣ ድምፅ ከበረታ ወይም ሰው ከተወራጨ ሽሽ። ሰዎች ያዩት ግን ሌላ ነው። ሕፃን ልጅ ሲያንሾካሹክ ግዙፉ አንገት ይጎነበሳል፤ ጎረምሶች ሲጮኹ እንደ ቀጭኔ ወደ ላይ ይሸሻል። የጅምላ ጫጫታ ሲሆን ደግሞ ግራ ተጋብቶ ይወዛወዛል። አዳራሹ ድምፅ ያስተጋባ ስለነበርና ሰውም የሚያደርገው ስለማይታወቅ የሴንስተር ጠባይ ከተጻፈለት ፕሮግራም በእጅጉ የረቀቀ መሰለ። ከኮምፒውተሩ ይልቅ ሰውና አዳራሹ ናቸው ረቂቅ ያደረጉት። ለእኔ ከዚህ ዘርፍ ግኝቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ በየራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል።

ሴንስተር በ1973 መጨረሻ ፈረሰ። አፅሙ ዜላንድ በምትባለው የኔዘርላንድስ ክፍለ ሀገር፣ ኮሌንስፕላት በምትባል መንደር፣ ደጅ ላይ ቆሞ ዝናብ ይመታው ጀመር። እንመለስበታለን።

ከ1969 እስከ 1990፦ ጣትና ጥላ

ብረትን ማንቀሳቀስ ውድ ነው፤ ምስልን ማንቀሳቀስ ግን እየረከሰ ሄደ። ይህን ቀድሞ የተጠቀመበት በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪ የነበረው ማይረን ክሩገር ነው። በ1969 ከሌሎች ጋር በሠራው የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ሰው ወለሉን ሲረግጥ ግድግዳው ላይ ያሉ ቱቦዎች ያበራሉ። አብረውት የሠሩት ሰዎች የተመስጦው መንፈስ እንዳይረበሽ ብለው ምላሹን ሆን ብለው አዘገዩት። ክሩገር አልተዋጠለትም። ጎብኚው ያደረገውና የመጣው ነገር ካልተገናኙለት እሱ ከግድግዳው ጋር ምን ጉዳይ አለው?

በ1970 ሌላ ሙከራ አደረገ። ጎብኚው ጋለሪ ውስጥ ቆሞ የራሱን ምስል ትልቅ ስክሪን ላይ ያያል፤ ክሩገር ደግሞ አንድ ማይል ርቆ የኮምፒውተር ማዕከሉ ውስጥ ተቀምጦ በምስሉ ላይ ይሥላል። አንድ ቀን የአንድ ተማሪ እጅ ላይ ሊሥል ሲሞክር ልጁ ግራ ገባውና እጁን አንቀሳቀሰ። ክሩገር አጥፍቶ እንደገና ጀመረ፤ ልጁ እንደገና አንቀሳቀሰ። ነገሩ ጨዋታ ሆነ። በመጨረሻ ክሩገር የልጁን እጅ በመስመር እየተከተለ መሣል ብቻ ሆነ ሥራው። ለልጁ ግን እጁን አየር ላይ ባንቀሳቀሰ ቁጥር ስክሪኑ ላይ እየሣለ ነበር። ዛሬ ካሜራና ሶፍትዌር የሚሠሩትን ሥራ ያኔ የሠራው ከመጋረጃ ጀርባ የተቀመጠ ሰው ነው። ክሩገርም ቀጥሎ ሊሠራ የሚገባውን በዚያች እጅ አየው፤ ራሱን ከሥራው አውጥቶ ማሽን መተካት።

ያም «ቪዲዮፕሌስ» ሆነ፤ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዓመታት የፈጀ ሥራ። ካሜራ የሰውየውን ጥላ ይቀርጻል፤ ኮምፒውተሩ ጥላው የት እንዳለ፣ ጣቱ ወዴት እንደተዘረጋ ይለያል። ከጨዋታዎቹ አንዱ «ክሪተር» የተባለች ትንሽ አረንጓዴ ፍጡር ነበረች። ጥላህን ትከተላለች፤ እጅህን ብትዘረጋላት ታርፍበታለች፤ ክንድህን ወጥታ ራስህ ላይ ስትደርስ ትጨፍራለች። በዚያው ዘመን ሌሎች ኮምፒውተር ውስጥ ለመግባት መነጽርና ጓንት ያለብሱ ነበር። ክሩገር ግን ሰው ባለበት ልብስ፣ ባዶ እጁን መምጣት አለበት ብሎ እስከ መጨረሻው ተከራከረ። በ1990 የኦስትሪያው አርስ ኤሌክትሮኒካ ፌስቲቫል ለዚህ ዘርፍ ሽልማት ሲጀምር የመጀመሪያውን የወሰደው እሱ ነው።

ቶሮንቶ ውስጥ ደግሞ ዴቪድ ሮክቢ የሚባል ወጣት ከ1982 ጀምሮ ከሥዕል ይልቅ በድምፅ ይሠራ ነበር። ካሜራ የመግዛት አቅሙ ስላልነበረው ራሱ ሠራ። ብርሃን የሚለዩ ቁርጥራጮችን በስምንት ረድፍ፣ በየረድፉ ስምንት አድርጎ ደረደረ፤ በጠቅላላው 64 ነጥብ ብቻ። ከአፕል ቱ ኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። ባዶ ክፍል ውስጥ ገብተህ ክንድህን ስታነሣ ድምፅ ይወጣል፤ ስትቆም ይቆማል። ስሙ «ቬሪ ነርቨስ ሲስተም» ነው፤ በ1986 ቬኒስ ቢየናሌ ደረሰ።

ከዚያ በፊት ግን ያሳፈረው ነገር ገጠመው። ቤቱ ውስጥ ብቻውን ቀንና ሌሊት ሲሞክረው ግሩም ይሠራል፤ ሰው ፊት ሲያቀርበው አይሠራም። ሌሎች ሲንቀሳቀሱ ማሽኑ ይደናገራል። ምክንያቱን ኋላ ደረሰበት። እሱ ማሽኑን ሲያስተምር ማሽኑም እሱን አስተምሮት ኖሯል። ካሜራው የሚወድለትን የተለየ አረማመድና እንቅስቃሴ ሳያውቀው ለምዶ ሥራውን ለራሱ አካል ብቻ ሰፍቶታል። ፈትቶ እንደገና መስፋት ነበረበት።

ከ1992 እስከ 2001፦ ከቤተ ሙከራ ወደ አደባባይ

በ1990ዎቹ ነገሩ ፈጠነ። በ1992 በርሊን ውስጥ አርት ፕላስ ኮም የተባለ ቡድን በስክሪን ላይ የቆየ የጣልያን ሥዕል አቀረበ። የተደበቀ መሣሪያ የተመልካቹን ዓይን ይከታተልና ዓይኑ ያረፈበትን የሥዕል ክፍል ያደፈርሰዋል። ሥዕሉን ትኩር ብሎ ያየ አጠፋው ማለት ነው። ግማሽ ደቂቃ ማንም ሳያየው ሲቀር ይመለሳል። በ1999 ካሚል አተርባክና ሮሚ አኪቱቭ «ቴክስት ሬይን»ን ሠሩ። በስክሪኑ ላይ ፊደላት እንደ ካፊያ ይወርዳሉ፤ የሰው ትከሻ ወይም የተዘረጋ ክንድ ላይ ያርፋሉ፤ ክንድህን በበቂ ርዝመት ከዘረጋህ የግጥም ስንኝ ይሰበሰብልሃል። ፕሮግራሙ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከተወሰነ ልክ የጠቆረ ነገር ላይ እረፍ። ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ሰው ብዙ ፊደል ይይዝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሜክሲኳዊ ካናዳዊው ራፋኤል ሎዛኖ-ሄመር የሮተርዳምን አደባባይ ያዘ። በትልቅ ግድግዳ ላይ በመንገድ የተነሡ ሰዎች ፎቶ ይንጸባረቃል፤ ከመሬት የተተከሉ ኃይለኛ መብራቶች ግን ያጠፉታል። ፎቶው የሚታየው አላፊ አግዳሚ ጥላውን ሲጥልበት ብቻ ነው። ጥላው እንደ አቋቋምህ ከሁለት እስከ 25 ሜትር ይረዝማል። ሐሳቡ ሰው ጥላውን በፎቶው ልክ እያደረገ እንግዳውን ሰው እንዲገልጥ ነበር። የሮተርዳም ሰው ግን ፎቶውን ብዙም ከጉዳይ አልቆጠረው፤ በጥላው መጫወት ያዘ። ትንሽ ልጅ በግዙፍ ጫማው አዋቂውን ይረግጣል፤ አንዱ ጥላ ሌላውን ይመግባል። አርቲስቱ ያሰበው አንድ ነው፤ አደባባዩ ያደረገው ሌላ። ሴንስተርን ያስታውሳል።

በዚያው በ2001 ከኤምአይቲ ኬሲ ሪያስና ቤን ፍራይ «ፕሮሰሲንግ»ን አወጡ፤ ሠዓሊ ሊማረው የሚችል ነፃ የፕሮግራም መጻፊያ። ኮድ መጻፍ የመሐንዲስ ብቻ መሆኑ ቀረ። አሁን የሚጎድለው ጥሩ ዓይን ነበር።

ከ2010 እስከ 2015፦ የ150 ዶላር ዓይን

ያ ዓይን ከጨዋታ መደብር መጣ። በኅዳር 2010 መጀመሪያ ማይክሮሶፍት ለኤክስቦክስ ጨዋታ «ኪኔክት»ን በ150 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ቴክኖሎጂው ፕራይምሴንስ ከተባለ የእስራኤል ኩባንያ የመጣ ነው። የማይታይ የኢንፍራሬድ ነጥብ ክፍሉ ላይ ይረጫል፣ ነጥቦቹ እንዴት እንደተዛቡ አይቶ እያንዳንዱ ነገር ምን ያህል እንደሚርቅ ያሰላል። የእነ ክሩገር ካሜራ ጥላ ብቻ ነበር የሚያየው፤ ለዚያውም ከበስተጀርባ የተመቻቸ ብርሃን ይፈልጋል። ይህኛው በጨለማም ይሠራል፤ ከፊት የቆመውን ከኋላው ካለው ይለያል።

ችግሩ ከኤክስቦክስ ውጪ አለመሥራቱ ነበር። አዳፍሩት የተባለ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ቁልፉን ለሚፈታ ሰው ሽልማት አዘጋጀ፤ እስከ 3,000 ዶላር አደረሰው። ሳምንት ሳይሞላ ሄክተር ማርቲን የተባለ ስፔናዊ ፈታው። ማይክሮሶፍት መጀመሪያ ተቆጣ፣ ኋላ ለዘበ። በሁለት ወር 8 ሚሊዮን ተሸጠ። በየአገሩ የጥበብ ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ ሮክቢ ዓመታት የደከመበትን ነገር በአንድ ቅዳሜና እሑድ መሥራት ቻለ። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ያው እጅ ሲወዛወዝ ብልጭታ የሚከተልበት ነበር፤ ዓይኑ ረከሰ እንጂ ሐሳቡ አልረከሰም።

ከዚያ ዘመን ሥራዎች ስሙ የገነነው በ2012 ለንደን ባርቢካን የተከፈተው፣ ራንደም ኢንተርናሽናል የተባለው ቡድን «የዝናብ ክፍል» ነው። ጥልቀት የሚለዩ ካሜራዎች ሰው የቆመበትን ቦታ እየለዩ ከራሱ በላይ ያለውን ውሃ ይዘጋሉ። ቀስ ብሎ የሚራመድ ሳይነካው ያልፋል፤ የሮጠ ይበሰብሳል። ሰው ሰዓታት ይሰለፍ ነበር። በ2015 ሎስ አንጀለስ ሲሄድ ጎብኚዎች ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ልብስ እንዳይለብሱ ይመከሩ ነበር፤ ካሜራው በደንብ አያየውም። በ1999 ፊደል የሚሰበስበው ጥቁር ሸሚዝ በ2015 ዝናብ መታው።

ከ2017 ወዲህ፦ የተመለሰው እንስሳ

በሰኔ 2018 ቶኪዮ ኦዳይባ ላይ ቲምላብ የተባለው ቡድን 10,000 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ሙዚየም ከፈተ። ቆመህ ስትጠብቅ አበባው በእግርህ ሥር ይፈካ፣ ስትነካው ይረግፍ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 2.3 ሚሊዮን ሰው ጎበኘው። ዘርፉ ከጋለሪ ወጥቶ ትኬት የሚቆረጥለት ትልቅ ንግድ ሆነ።

በዚያው ሰሞን ኪኔክት ሞተ፤ ማይክሮሶፍት በ2017 ማምረቱን አቆመ። የድሮ ሥዕል ቀለሙ ቢለቅ የሚያድስ ባለሙያ አለው። ኪኔክት ላይ የተሠራ ሥራ ያላቸው ሙዚየሞች ግን የሚሠራ አሮጌ ዕቃ ማከማቸት ወይም ፕሮግራሙን ለአዲስ ካሜራ እንደገና መጻፍ ብቻ ቀራቸው።

ኮሌንስፕላት የቀረው የሴንስተር አፅም ግን ከ40 ዓመት በላይ ደጅ አድሮ ነበር። ቱቦው ዝጎ ነበር፤ ኮምፒውተሩም አልነበረም። በ2017 የኢህናቶቪች የትውልድ አገር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የክራኮቭ ኤጂኤች ገዝቶ ወደ ፖላንድ አጓጓዘው። ተማሪዎችና መምህራን ዝገቱን አራገፉ፣ አዲስ የድምፅና የእንቅስቃሴ መለያዎችና አዲስ ኮምፒውተር ገጠሙለት፣ የቀድሞውን ጠባይ ከተረፉት ሰነዶችና ከአሮጌ ፊልሞች እያዩ እንደገና ጻፉት። ኢህናቶቪች ይህን ለማየት አልደረሰም፤ በ1988 ነው የሞተው። በ2018 ሴንስተር ክራኮቭ ውስጥ አንገቱን አነሣ። ሰዎችም እንደ ድሮው ሥሩ ቆመው ተራ በተራ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ።